ለሚ ኩራ ለምን በዛ? ስለ ድሮፕዳውን ዲፎልት

የአዲስ አበባን 11 ክፍለ ከተሞች በአማርኛ ፊደል ተራ ደርድሯቸው፦ ለሚ ኩራ፣ ልደታ፣ ቂርቆስ፣ ቦሌ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አራዳ፣ አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ ከተማ፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ የካ፣ ጉለሌ። ይህንኑ ዝርዝር በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው ከደረደራችሁት ደግሞ አዲስ ከተማ ፊት ይመጣል። ከአንድ የመመዝገቢያ ፎርም ዳታ አውጥታችሁ ስታዩ ለሚ ኩራ ወይም አዲስ ከተማ ከሚጠበቀው በላይ ሰው ይዞ ካገኛችሁት፣ ሕዝቡ ወደዚያ ጎርፎ ላይሆን ይችላል። ክፍለ ከተማው የሚመረጠው ከድሮፕዳውን (ሲነካ ከሚዘረጋ የምርጫ ዝርዝር) ከሆነ፣ ፎርሙን የሠራው ሰው ዲፎልት (ሰው ሳይነካው ተመርጦ የሚታይ መልስ) ሳያስቀምጥ ትቶት፣ ብራውዘሩ የመጀመሪያውን ስም ይዞ፣ የሚሞላውም ሰው ሳያየው አልፎት ሊሆን ይችላል።

ዲፎልት የሌለው ድሮፕዳውን የለም ማለት ይቻላል። እናንተ ካልመረጣችሁለት ብራውዘሩ ይመርጥለታል። በመሀል ከተማ ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ ተደብቆ ይኖራል። ከአያት አልፎ ለገጣፎ፣ ከጀሞ አልፎ ፉሪ ሲደረስ ግን ያፈጣል። በአንድ ታክሲ መንገድ ክልሉም ከተማውም ክፍለ ከተማውም ይቀየራል። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ሲዋቀር ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን የመሳሰሉትን አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች በኦሮሚያ ክልል ሥር አንድ ላይ ይዟል። ለሚ ኩራ ራሱ በ2013 ዓ.ም. ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ የወጣ ነው፤ ከዚያ በፊት ተሠርቶ ያልታደሰ ፎርም 10 ክፍለ ከተማ ብቻ ነው የሚያውቀው። እንዲህ ባለ ዳርቻ ላይ ለሚገኝ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም ዕቃ አድራሽ ፎርም የሚሠራ ሰው ዲፎልቱን ለዕድል ሊተወው አይገባም።

ብራውዘሩ የሚሠራበት ደንብ

በኤችቲኤምኤል ድሮፕዳውን የሚሠራው ሰሌክት በሚባለው ኤለመንት ነው፤ እያንዳንዱ ምርጫ ደግሞ ኦፕሽን ይባላል። ሰሌክቱ አንድ መልስ ብቻ የሚቀበልና አንድ መስመር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ ከኦፕሽኖቹም አንዱም ሰሌክትድ (የተመረጠ) የሚል አትሪቢዩት (ታጉ ውስጥ የሚጻፍ መግለጫ) ከሌለው፣ ብራውዘሩ ዲሴብልድ (እንዳይመረጥ የተዘጋ) ያልሆነውን የመጀመሪያ ኦፕሽን ራሱ ይመርጣል። ይህ የብራውዘር ጥፋት አይደለም፤ የኤችቲኤምኤል መስፈርት ላይ የተጻፈ ደንብ ነው። ብዙ መልስ የሚቀበል ወይም ሳይዝ የሚባለው የሚታዩ መስመሮች ቁጥሩ ከ1 በላይ የሆነ ሰሌክት ግን ምንም ሳይመረጥ ባዶውን ይቀመጣል።

ዲፎልት ለማስቀመጥ የምትፈልጉት ኦፕሽን መክፈቻ ታግ ውስጥ ሰሌክትድ የሚለውን ቃል ትጽፋላችሁ፤ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ስሕተት የሚበዛው ግን እዚሁ ቀላል ቦታ ላይ ነው። ሰሌክትድ ቡሊያን አትሪቢዩት ስለሆነ መኖሩ ብቻ ይበቃዋል። ሰሌክትድ እኩል ይሆናል ፎልስ ብላችሁ ብትጽፉም ይመረጣል፤ እንዳይመረጥ ቃሉን ከነጭራሹ ማጥፋት ነው ያለባችሁ። በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ኦፕሽኖች ሰሌክትድ ከተባሉ የኋለኛው ያሸንፋል። ይህ የሚያጋጥመው ብዙውን ጊዜ አንዱ በእጅ ተጽፎ ሌላውን ኮዱ በሉፕ ሲጨምረው ነው። በእጅ የተጻፈው ከታች ያለ እንደሆነ ዳታቤዙ ያመጣው መልስ ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ ፎርሙም የሰውን መልስ የማያስታውስ ይመስላል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ቫልዩ (ወደ ሰርቨሩ የሚላከው ዋጋ) የሚለውን አትሪቢዩት ሰሌክቱ ላይ መጻፍ ነው። ኢንፑት ላይ ስለሚሠራ እዚህም የሚሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን በኤችቲኤምኤል ሰሌክት እንዲህ ያለ አትሪቢዩት የለውም፤ ብራውዘሩ ዝም ብሎ ያልፈዋል። በጃቫስክሪፕት ግን ሰሌክቱ ቫልዩ የሚባል ፕሮፐርቲ ስላለው፣ ከስክሪፕት የሚሠራው ከታግ አይሠራም። ሪአክት በሚባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ደግሞ ተገልብጦ እናገኘዋለን። እዚያ ሰሌክቱ ላይ ዲፎልትቫልዩ ወይም ቫልዩ ነው የሚጻፈው፤ ኦፕሽን ላይ ሰሌክትድ ብትጽፉ ማስጠንቀቂያ ይሰጣችኋል። ሌላው እንዲህ ያለ መሣሪያ ቩ ነው፤ እዚያ ድሮፕዳውኑን ከዳታው ጋር የሚያገናኘው ቪ-ሞደል ካለ ታጉ ላይ የተጻፈው ሰሌክትድ ቦታ የለውም፤ የሚታየው ዳታው ውስጥ ያለው መነሻ ዋጋ ነው። ሦስቱን እያቀያየረ የሚሠራ ሰው የትኛው ላይ እንዳለ ቢጠፋበት አይፈረድበትም።

«ይምረጡ» የሚለው መስመር

ትክክለኛ ዲፎልት የሌለው ጥያቄ ሲሆን የመጀመሪያው ኦፕሽን «ክፍለ ከተማ ይምረጡ» የሚል ይሁን፤ ቫልዩው ባዶ፣ ሰሌክቱ ደግሞ ሪኳየርድ (የግድ የሚሞላ) ይባል። በዚህ አሠራር ብራውዘሩ መስመሩን እንደ መልስ ሳይሆን እንደ መጠቆሚያ ይቆጥረዋል፤ ሰውየው ሳይመርጥ ላክ ቢል ያስቆመዋል። ሦስት ነገሮች ግን የግድ ናቸው፦ መስመሩ የመጀመሪያው መሆን አለበት፣ ቫልዩው ባዶ መሆን አለበት፣ በቀጥታ ሰሌክቱ ሥር መቀመጥ አለበት። ኦፕትግሩፕ (ኦፕሽኖችን በቡድን የሚይዝ ታግ) ውስጥ ከገባ አይቆጠርም። ቫልዩው 0 ወይም ሰረዝ ከሆነም ሪኳየርድ እንደ ሙሉ መልስ ያሳልፈዋል። ቫልዩ የሚለውን ጨርሶ ከተዋችሁት ደግሞ የባሰ ነው፤ ያን ጊዜ የኦፕሽኑ ጽሑፍ ራሱ ቫልዩ ስለሚሆን ዳታቤዛችሁ ውስጥ «ክፍለ ከተማ ይምረጡ» የሚባል ክፍለ ከተማ ይወለዳል። ከድሮ ዳታ ውስጥ ይህን ያላገኘ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ብዙዎች ይህን መስመር ዲሴብልድ፣ ሰሌክትድ እና ሂድን (የተደበቀ) የሚሉትን በአንድ ላይ ይሰጡታል፤ ሰው ሌላ ከመረጠ በኋላ ተመልሶ «ይምረጡ»ን እንዳይነካ። ጥሩ ነው፤ አንድ መዘዝ ግን አለው። ዲሴብልድ የሆነ ኦፕሽን ተመርጦ ቢገኝም ከፎርሙ ጋር አይላክም። ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ባዶ ጽሑፍ አይደለም፤ የጥያቄው ስም ራሱ አይሄድም። የሰርቨሩ ኮድ በፒኤችፒ ቋንቋ ተጽፎ «ከባዶ ጽሑፍ ጋር እኩል ነው ወይ?» እያለ ብቻ የሚመረምር ከሆነ፣ ፒኤችፒ ቁልፉ የለም ብሎ ያስጠነቅቃል። ሪኳየርድ እያለ ይህ እንዴት ይደርሳል ቢባል፣ ፎርሙ ኖቫሊዴት (ብራውዘሩ አይመርምር) ሲባል፣ በስክሪፕት ሲላክ፣ ወይም ሰው ፎርሙን ከነጭራሹ ዘልሎ በቀጥታ ሲልክ ይደርሳል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የከፋ ነው። ዳታቤዙ ላይ ዓምዱ ዲፎልት 1 ተብሎ የተፈጠረ ከሆነ፣ ያልተላከው መልስ በጸጥታ 1 ይሆናል። 1 ማን ነው? ዝርዝሩ ሲገባ ቀድሞ የገባው። ስለዚህ ፎርሙ ላይ በጥንቃቄ ያገዳችሁት ስሕተት በጓሮ ይገባል። ዲፎልት የሚኖርበት ቦታ ሦስት ነው፦ ብራውዘሩ፣ የሰርቨሩ ኮድ፣ ዳታቤዙ። አንዱን አስተካክሎ ሁለቱን መርሳት የተለመደ ነው። ክፍለ ከተማን በመሰለ ዓምድ ላይ የዳታቤዝ ዲፎልት ባይኖር እመርጣለሁ፤ ዓምዱ ባዶ አይቀበልም ይባል፣ መልሱ ካልመጣ ስሕተት ይስጥ። የሚጮህ ስሕተት ዝም ካለ ስሕተት ይሻላል።

ቫልዩ ኮድ ይሁን እንጂ ጽሑፍ አይሁን

ይህ በሁሉም ቋንቋ እውነት ነው፤ በአማርኛ ግን እጥፍ ነው። ዲፎልቱ የሚገኘው በማመሳሰል ነው፤ ኮዱ የተቀመጠውን መልስ ከእያንዳንዱ ኦፕሽን ጋር እያነጻጸረ እኩል የሆነው ላይ ሰሌክትድ ይጽፋል። ቫልዩው የአማርኛ ስም ከሆነ «ሐረሪ» እና «ሀረሪ» ለእኛ አንድ ቢሆኑም ለኮዱ ሁለት ናቸው። «ኅዳር»፣ «ህዳር»፣ «ሕዳር» ሦስት ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንዲሁ። ሁለት ሰዎች በተለያየ ኪቦርድ ካስገቡት ዝርዝር ውስጥ ይህ አይጠፋም። በቃላት መካከል አንዱ ክፍት ቦታ ሌላው ሁለት ነጥብ ቢጠቀምም አይገጥምም። «ንፋስ ስልክ-ላፍቶ» እና «ንፋስ ስልክ ላፍቶ» በአንዲት ሰረዝ ይለያያሉ። ማመሳሰሉ ሲከሽፍ ማንም ስሕተት አይናገርም፤ ሰሌክትድ የሚባል ኦፕሽን ይጠፋና ብራውዘሩ ወደ ደንቡ ይመለሳል፤ የመጀመሪያው ይመረጣል።

ስለዚህ ቫልዩው ቁጥር ወይም አጭር ኮድ ይሁን፤ አማርኛው ለዓይን ብቻ ይቀመጥ። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለ ፎርም በአፋን ኦሮሞም መከፈት ይኖርበታል፤ ኮዱ አንድ ከሆነ ሰውየው በየትኛውም ቋንቋ ቢሞላው ዲፎልቱም መልሱም አንድ ቦታ ያርፋሉ። ቅደም ተከተሉም ከቋንቋው ጋር ስለሚቀያየር፣ ዲፎልትን «የመጀመሪያው» እያሉ በተራ ቁጥር መያዝ በአንዱ ቋንቋ ለሚ ኩራን፣ በሌላው አዲስ ከተማን ይመርጣል።

የማስተካከያ ገጹ የባሰ አደጋ አለው

አዲስ ሲመዘገብ የሚሳሳት ፎርም አንድ ስሕተት ይሠራል። የተመዘገበውን ለማረም የሚከፈተው ገጽ ግን ትክክል የነበረውን ያበላሻል። አንዲት እናት የልጇን መመዝገቢያ ከፍታ ስልክ ቁጥሯን ብቻ ቀይራ አስቀምጥ ብትል፣ ክፍለ ከተማው ደግሞ በትክክል ተመርጦ ካልመጣ፣ አዲሱ ስልክ ከተሳሳተ ክፍለ ከተማ ጋር አብሮ ይቀመጣል። እሷ ያንን ድሮፕዳውን አልነካችውም፤ ፎርሙ ግን የሚልከው ያለውን ሁሉ ነው።

ለዚህ ዋናው ምክንያት የዓይነት ልዩነት ነው። ከዳታቤዝ የመጣው ቁጥር 7 ሆኖ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያለው «7» የሚል ጽሑፍ ከሆነ፣ ዓይነትንም በሚያነጻጽረው በሦስት እኩል ምልክት (===) ሲነጻጸሩ አይገጥሙም። በሁለት እኩል ምልክት ማነጻጸርም የራሱ ጣጣ አለው። በፒኤችፒ ናል (ምንም ዋጋ የሌለው) ከ0 ጋር በሁለት እኩል ሲነጻጸር እኩል ነው ይባላል፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ውስጥ 0 ማለት «ሌላ» ከሆነ፣ ገና ያልተሞላ መዝገብ ሁሉ «ሌላ» ተመርጦ ይከፈታል። ከፒኤችፒ 8 በፊት በነበሩት ቅጂዎች ባዶ ጽሑፍም፣ ቁጥር ያልሆነ ማንኛውም ቃልም ከ0 ጋር እኩል ይባል ነበር፤ አሮጌ ሆስቲንግ ላይ ያለ ፎርም ከሆነ ይህን አስቡ። መፍትሔው ሁለቱንም ወገን ወደ ጽሑፍ ለውጦ በሦስት እኩል ማነጻጸር፣ ናልን ደግሞ አስቀድሞ ለይቶ ወደ ባዶ ጽሑፍ መቀየር ነው። 0ን ለትክክለኛ መልስ ኮድ አለማድረግም ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዝርዝሩ የወጣ መልስ ነው። የቀድሞው የደቡብ ክልል ተከፋፍሎ ዛሬ ሀገሪቱ 12 ክልሎችና 2 የከተማ አስተዳደሮች አሏት። አሮጌ መዝገብ ላይ ያለው የድሮ ክልል ኮድ አዲሱ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ማመሳሰሉ ይከሽፋል፤ በአማርኛ ፊደል ተራ ከሆነ ሰውየው ሐረሪ ሆኖ ይከፈታል። በፍጹም ድሬዳዋን አልፎ የማያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል። የተቀመጠው ኮድ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ኮዱ ያንኑ የድሮ ስም «የቀድሞ» ብሎ ለዚያ መዝገብ ብቻ ይጨምረው፣ ሰሌክትድ ያድርገው፤ ወይም «ይምረጡ» ላይ አምጥቶ እንደገና ያስመርጥ። ከለሚ ኩራ መፈጠር በፊት «የካ» ወይም «ቦሌ» ተብለው የተመዘገቡ የአያት አካባቢ ነዋሪዎች ግን ከዚህ ይለያሉ፤ ኮዱ አሁንም አለ፣ ይገጥማል፣ ግን እውነቱ ተለውጧል። ያን ሰው ካልጠየቁ በቀር የሚያስተካክል ኮድ የለም።

ሰርቨሩ ዲፎልቱን ሲወስን የሚከተለው ቅደም ተከተልም አንድ ነው፦ አሁን የተላከውና በስሕተት የተመለሰው መልስ ይቀድማል፣ ቀጥሎ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው፣ በመጨረሻ የእናንተ ዲፎልት። በላራቬል (በፒኤችፒ የሚሠራ ማዕቀፍ) ኦልድ የሚለው ፈንክሽን ሁለተኛውን አርጉመንት የሚቀበለው ለዚህ ነው። በጃንጎ (የፓይተን ቋንቋ ማዕቀፍ) ኢኒሻል ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ፎርሙ ዳታ ይዞ ሲመጣ አይሠራም፤ ይህ ብዙ ጀማሪ ይሰበርበታል፤ ትክክለኛው አሠራር ግን ያ ነው። እዚያው ጃንጎ ላይ የሞዴሉ መስክ ዲፎልት ካለውና ባዶ የማይፈቅድ ከሆነ «---------» የሚለው መስመር ከዝርዝሩ ይጠፋል፤ ለምን ጠፋ የሚል ሰው መልሱን እዚህ ያገኛል።

ወረዳው ከክፍለ ከተማው ሲከተል

ክፍለ ከተማ ሲመረጥ የወረዳ ዝርዝር ከሰርቨር የሚመጣበት ፎርም ላይ ዲፎልት በጊዜ ጉዳይ ይወድቃል። ስክሪፕቱ የወረዳውን ቫልዩ ሲያስቀምጥ ዝርዝሩ ገና አልመጣም። የሌለ ቫልዩ የተሰጠው ሰሌክት ስሕተት አይናገርም፤ የተመራጩ ተራ ቁጥር -1 (ምንም አልተመረጠም ማለት ነው) ይሆንና ድሮፕዳውኑ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ዝርዝሩ ሲደርስ የመጀመሪያው ወረዳ ይመረጣል። ቢሮ ውስጥ በጥሩ ዋይፋይ ሲሞከር ዝርዝሩ ቀድሞ ስለሚደርስ የሚሠራ ይመስላል። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ ባለበት የከተማው ዳርቻ በስልክ ሲከፈት ግን ይወድቃል። በክሮም የዴቨሎፐር መሣሪያ ኔትወርክ ገጽ ላይ ፍጥነቱን ወደ ዘገምተኛ አውርዳችሁ ሳትሞክሩ ሠርቷል አትበሉ።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ክፍለ ከተማውን አስቀምጡ፤ የወረዳውን ዝርዝር ጥሩ፤ ዝርዝሩ ደርሶ ኦፕሽኖቹ ከገቡ በኋላ ብቻ የወረዳውን ዲፎልት አስቀምጡ፤ ከዚያ ተመራጩን መልሳችሁ አንብባችሁ ያስቀመጣችሁት መሆኑን አረጋግጡ። ዝርዝሩ እስኪመጣ ድሮፕዳውኑ ዲሴብልድ ሆኖ «በመጫን ላይ» ይበል፤ መላኪያው ቁልፍም አብሮ ይዘጋ፤ ዲሴብልድ የሆነ ሰሌክት ከፎርሙ ጋር ስለማይላክ ያለዚህ ወረዳ የሌለው መዝገብ ይገባል። ሰው በችኮላ ሁለት ክፍለ ከተማ ቀያይሮ ከሆነ የፊተኛው ጥያቄ መልስ ከኋለኛው ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል፤ የደረሰው ዝርዝር አሁን ለተመረጠው ክፍለ ከተማ መሆኑን ሳታረጋግጡ አታስገቡት። አለዚያ የየካ ወረዳዎች ቦሌ ሥር ይሰለፋሉ።

በስክሪፕት ቫልዩ ማስቀመጥ ቼንጅ የሚባለውን ኢቨንት (መልሱ ተቀየረ የሚል ምልክት) እንደማያስነሳም ይታወቅ። ክፍለ ከተማውን ከኮድ ብትመርጡ የወረዳው ጥሪ በራሱ አይጀምርም፤ ኢቨንቱን ራሳችሁ መላክ ወይም የሚጠራውን ፈንክሽን በቀጥታ መጥራት አለባችሁ። እንደ ሰሌክት2 ያሉ ድሮፕዳውኑን በራሳቸው መልክ የሚስሉ ፕለጊኖች ላይም ያው ነው፤ ከሥር ያለው ቫልዩ ተቀይሮ ከላይ የሚታየው ጽሑፍ የድሮው ሆኖ ይቀራል፤ ቼንጅን ስታስነሱለት ይስተካከላል። ሪሴት የሚለው ቁልፍ ደግሞ የሚመልሰው ታጉ ላይ ሰሌክትድ የተባለውን እንጂ በስክሪፕት ያስቀመጣችሁትን አይደለም። ለነገሩ ሪሴት ቁልፍ ጥቅሙ ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ረጅም ፎርም ሞልቶ ከላክ ይልቅ እሱን የሚጫን ሰው ግን አይጠፋም።

አንድ የሚያደናግር ነገር ከፋየርፎክስ ይመጣል። ገጹን ሪፍሬሽ ስታደርጉ ቀደም ሲል የተመረጠውን አስታውሶ ይመልሰዋል፤ ኮዱን አስተካክላችሁ ዲፎልቱ ያልተቀየረ ይመስላችኋል። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና አር አንድ ላይ ተጫኑ፤ ወይም ሰሌክቱ ላይ አውቶኮምፕሊት ኦፍ በሉ።

ወርና ዓመት

የቀን ድሮፕዳውን ላይ የዛሬን ወር ዲፎልት ማድረግ የሚፈልግ ሰው ከጃቫስክሪፕት ዴት የሚያገኘው የፈረንጅ ወር ነው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነስ ዓመቱን እንጂ ወሩን አይሰጥም፤ ዓመቱም ቢሆን ከመስከረም 1 በፊትና በኋላ ይለያያል፤ መስከረም 1 ራሱ እንደ ዘመኑ በሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ይውላል። ይህን በእጅ ከማስላት ኢንትል ዴትታይም ፎርማት የተባለውን የብራውዘሩን መሣሪያ ካላንደሩን ኢትዮፒክ አድርጎ መጥራት ይሻላል፤ ወሩን ከ1 እስከ 13 በቁጥር ይሰጣል። ኢትዮአአ (ethioaa) የሚለውን ካላንደር እንዳትጠሩ፤ እሱ የሚቆጥረው በዓመተ ዓለም ስለሆነ 5500 ጨምሮ ያመጣላችኋል። የወሩ ዝርዝር 13 መሆኑን፣ ጳጉሜን ሲመረጥ የቀኑ ዝርዝር ወደ 5 ወይም 6 መውረዱንም አረጋግጡ፤ ቀን 20 ዲፎልት ሆኖ ሳለ ጳጉሜን ከተመረጠ ከላይ ያልነው የሌለ ቫልዩ ችግር ይመጣል።

ቀኑን የሚወስነው ሰርቨሩ ከሆነ የሰዓት ቀጠናውን እዩ። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የሚሠራ ከሆነ ከኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ዲፎልቱ ትናንት ይሆናል። ለሌሊት ተረኛ ክሊኒክ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የትውልድ ቀን ግን ዲፎልት አይሰጠው። ዳታ ውስጥ መስከረም 1 የተወለደ ሰው ከበዛ መነሻው ይታወቃል።

ለየትኛው ጥያቄ ዲፎልት ይገባዋል?

የማውቀው ጥሩ መለኪያ ዲፎልቱ ቢሳሳት ማን ያስተውለዋል የሚለው ነው። አገር ኢትዮጵያ፣ የስልክ መግቢያ ቁጥር 251፣ ገንዘብ ብር፦ እነዚህ ዲፎልት ይሁኑ፤ ከሌላ አገር የሚሞላ ሰው ራሱ ያየዋል። ጾታ፣ የደም ዓይነት፣ አለርጂ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሃይማኖት ግን በፍጹም። የደም ዓይነት ድሮፕዳውን ላይ ኤ ፖዘቲቭ ፊት ስለሆነ ብቻ የተመዘገበ ሰው ቢኖር፣ ያን መዝገብ የሚያነበው ባለሙያ ከእውነተኛው የሚለይበት መንገድ የለውም። «አላውቅም» የሚል ምርጫ ይጨመር፤ እሱም ዲፎልት አይሁን።

ክልልና ከተማ በዳርቻው ላይ ከዚህ ሁለተኛ ወገን ናቸው። ድርጅቱ አዲስ አበባ ስላለ «አዲስ አበባ»ን ዲፎልት ማድረግ ለፒያሳ ነዋሪ ይጠቅም ይሆናል፤ ከጀሞ ማዶ ላለ ተመዝጋቢ ግን ግማሽ ጊዜ ስሕተት ነው፤ እሱም «አዲስ አበባ» የሚለውን ሲያይ ልክ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ በንግግር ሁላችንም እንዲያው ነው የምንለው። የአይፒ አድራሻ እያዩ መገመትም አይረዳም፤ የሚያሳየው አቅራቢው ቁጥሩን ያስመዘገበበትን ቦታ ነው እንጂ ሰውየው የቆመበትን አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ዲፎልቱን ከሊንኩ ማምጣት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ጀሞና ፉሪ ላይ ሁለት ቅርንጫፍ ቢኖረው፣ በእያንዳንዱ በር ላይ የሚለጠፈው ኪውአር ኮድ የቅርንጫፉን ኮድ ይዞ ይከፈት፤ ሰርቨሩ ያ ኮድ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን አረጋግጦ ብቻ ይምረጠው፤ ከሌለ «ይምረጡ» ላይ ይተወው። ቅርንጫፉ በዚህ መንገድ ይታወቃል። የቤተሰቡ መኖሪያ ግን አሁንም ይጠየቅ፤ ልጁን ፉሪ የሚያስተምር ሁሉ ፉሪ አይኖርም።

ኮድ የማይጽፍ ሰውም ይህን ማድረግ ይችላል። ጉግል ፎርም ድሮፕዳውን ላይ ዲፎልት የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፤ ነገር ግን ከሦስቱ ነጥቦች ሜኑ ውስጥ ቀድሞ የተሞላ ሊንክ የሚያወጣ ትእዛዝ አለ። የምትፈልጉትን መልስ መርጣችሁ ሊንኩን ቅዱና በየቅርንጫፉ አንዳንድ አዘጋጁ። ሊንኩ የያዘው የምርጫውን ጽሑፍ ስለሆነ፣ በኋላ «ፉሪ» የሚለውን «ፉሪ ቅርንጫፍ» ብላችሁ ብትቀይሩት የድሮው ሊንክ አይገጥምም፤ ኪውአሩን እንደገና ማተም ነው። በኮቦ (የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ) ለሚሠሩ ደግሞ በኤክሴሉ ሰርቬይ ገጽ ላይ ዲፎልት የሚል ዓምድ አለ፤ እዚያ የሚጻፈው የምርጫው ስም ነው እንጂ ለዓይን የሚታየው ሌብል አይደለም። በዎርድፕሬስ ኮንታክት ፎርም 7 ላይ ዲፎልት ሁለት ነጥብ ብላችሁ ተራ ቁጥሩን ትጽፋላችሁ፤ ቆጠራው ከ1 ይጀምራል፤ ከዜሮ መቁጠር የለመደ ፕሮግራመር አንድ ይስታል።

የተበላሸው ዳታ

ፎርሙን አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ቀድሞ የገባው ይቀራል። በየክፍለ ከተማው ስንት ሰው እንዳለ ቁጠሩ፤ የዝርዝሩ የመጀመሪያ ስም ከሌሎቹ ተነጥሎ ከበዛ፣ ከፎርሙ መታረም በፊትና በኋላ የተመዘገቡትን ለይታችሁ እንደገና ቁጠሩ። ከእርማቱ በኋላ ድርሻው ከወረደ ልዩነቱ በግምት የዲፎልቱ ሥራ ነው። በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ወደ ባዶ አትቀይሩ፤ እውነተኛ የለሚ ኩራ ነዋሪዎችም ውስጡ አሉ። ያልተረጋገጠ የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩና ከእርማቱ በፊት የመጀመሪያውን ስም ይዘው የገቡትን ብቻ ምልክት አድርጉባቸው፤ ሰውየው በሚቀጥለው ጊዜ መዝገቡን ሲከፍት ወይም ለሌላ ጉዳይ ሲደወልለት ያንን አንድ ጥያቄ ብቻ በ«ይምረጡ» አምጡለት። ምልክቱ የሚነሳው እሱ ራሱ መርጦ ሲልክ ነው፤ ምርጫው ያው ለሚ ኩራ ቢሆንም።